ታሪክ ጻፍልን ያሉኝ የመንደሬ ሰዎች

የተወለድኩበትን መንደር አልወደውም። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ፤ የትውልድ ቀዬውን የሚጠላ ሰው አንድ ነገር የጎደለው ይመስላቸዋል። እኔ ግን መንደሩን የማልወደው ስለማላውቀው ሳይሆን በደንብ ስለማውቀው ነው። ከመካነ ሰላም በወግዲ መንገድ ጥቂት በመኪና ከተሄደ በኋላ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ይኬዳል። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ መቶ የማይሞላ ቤት ያለው፣ ነፋሱ ከሰኔ እስከ ሰኔ የማያቋርጥ ቦታ ነው። ገብስ ይበቅላል፣ ባቄላ ይበቅላል፤ ከሁለቱም በላይ ግን ኩራት ይበቅላል።

የኩራቱ ምንጭ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ነው ያደግኩት። መንደሩ ጳጳስ አላወጣም፤ ጀግናም ሐኪምም አላወጣም። አህያ ዞራ መመለስ በማትችልበት ቁራጭ መሬት ላይ ሁለት ወንድማማቾች ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ግን አይቻለሁ። ቢሆንም ማንኛውም ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ የቤቱ ቅድመ አያት መቅደላ አምባ ላይ ከንጉሡ ጎን እንደነበረ ይነገራችኋል። ሁሉም እንዳሉት ከሆነ በዚያ ቀን አምባው ላይ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አልነበረም። የኩታበርን ሰው ነጋዴ ብለው ይንቁታል፣ የወግዲን ሰው ገጠሬ ይሉታል፤ ከገደሉ ሥር ባለችው መንደር የሚኖሩትን እስላሞች ደግሞ «የታቾቹ» ብለው በአገጫቸው ይጠቁሟቸዋል።

አነጋገራቸው ግን ከታቾቹ ጋር አንድ ነው። የመንደሬ ሰው ሲገናኝ «አፊያ ነህ ወይ» ይላል፤ የታመመ ሲጠይቅ አይዞህ ለማለት «አብሽር» ይላል፤ በታቦቱ ሲምል ቆይቶ ነገሩ ሲጠብቅ «ወላሂ» ብሎ ይዘጋዋል። የመንደሩ ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ወንዝ ማለት በሆነ ቃል ይጀምራል። አዲስ አበባ ደርሰው የመጡ ወጣቶች ይህን ሁሉ ትተው በሬዲዮ እንደሚሰሙት ነው የሚናገሩት፤ አባቶቻቸው «አፊያ» ሲሉ እየሰሙ ይሽኮረመማሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ቃሉ ከየት እንደመጣ ቢጠየቁ የድሮ ግዕዝ ነው ይሏችኋል። አንድ ዲያቆን «አብሽር»ን ከግዕዝ ሊፈታልኝ ሲታገል ሰምቼ ፊቴን አዙሬ ስቄያለሁ።

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣው የቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ሁለት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ እንኳ ስብሰባ እንደሚመራ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ሁለተኛው የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የሆኑት ቄስ ናቸው። ሦስተኛው አዲስ አበባ በንግድ የበለጸገ የመንደራችን ልጅ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ የሚሠራው በአብዛኛው በእሱ ገንዘብ ነው። ገና ሳይቀመጥ የቤቴን ጣሪያ ቀና ብሎ አየና ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ነገሩን ሰብሳቢው አስረዳ። ሕንፃው ሲመረቅ የሚታደል የመንደሩ ታሪክ ያለበት መጽሔት ሊታተም ነው፤ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ የወረዳ ባለሥልጣን ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጡ ተወላጆች አሉ። መንደሩ ታሪክ የሌለው እንዳይመስል የተማረ ሰው ሊጽፈው ይገባል። ይህን ሲል ሦስቱም ወደ እኔ አዩ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሀያ ዓመት ሙሉ «ያ መምህር» እያሉ ከአንድ የበሬ ሻጭ በታች ሲቆጥሩኝ ኖረዋል። ግን ደስ አለኝ። ለልመና ካበቃኋቸው አይቀር እነሱ የማያውቁትን ራሳቸውን አሳያቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ንቀት ያለበት ሰው እንዲህ ነው፤ የሚንቃቸው ሰዎች ሲያሞግሱት ቶሎ ይረታል።

ሰብሳቢው የማነጋግራቸውን ሽማግሌዎች ዝርዝር ሰጠኝ። አራት ቅዳሜ ተመላለስኩ። የሰማሁትን ሁሉ ጽፌ ብይዝም ከአራቱ ቅዳሜ አንድ ገጽ የሚሞላ እውነት አልወጣም። እያንዳንዱ ሽማግሌ መንደሩን ያቀናው የእሱ ቅድመ አያት እንደሆነ፣ የጎረቤቱ ቅድመ አያት ደግሞ የመጣው ዘግይቶ፣ በመጠጋት እንደሆነ ነገረኝ። አንዱ ከጎንደር አመጣው፣ አንዱ ከላስታ። ሌላው የቅድመ አያቱን ጋሻ አወጣልኝ፤ በሬ ያረሰ ሁሉ የሚያውቀው የአሮጌ ቀንበር ቆዳ ነበር። ጋሻው እንዴት እንደተወጋ ሲያስረዳኝ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ፈገግታዬን ደበቅኩ።

አራተኛው ቅዳሜ ስጨርስ አክስቴን ሳልጠይቅ መሄድ ነውር ስለሆነ ወደ ቤቷ ጎራ አልኩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከመንደሩ ሰው ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ዝርዝሩ ውስጥ አንድም ሴት አልነበረም። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል፤ ባቄላ እየፈለፈለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለምን እንደምመላለስ ስነግራት ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። የጎንደሩን ነገርኳት፣ የላስታውን ነገርኳት፣ ጋሻውንም ነገርኳት። ሳትስቅ ሰምታ ጨረሰች።

«አንተስ» አለችኝ፣ «አንተስ ከየት የመጣህ ይመስልሃል?»

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ባቄላዋን ሳታቆም ነገረችኝ። መንደሩን ያቀናው ሰው ጨው ነጋዴ ነበር። በቅሎዎች ነበሩት፤ አሞሌ ጭኖ ሲወርድ ሲወጣ ወንዙ ዳር ያድር ነበር፤ በኋላ እዚያው ቤት ሠርቶ ሚስት አገባ። እስላም ነበር። ከሚስቱ ጋር የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ ወንዙንም በዚያው ቋንቋ ጠሩት። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ልጆቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ተጠመቁ ወይም አገር ልቀቁ የሚል አዋጅ መጣ። አባትየው ከዚያ በፊት ሞቶ ተቀብሮ ነበር። ወንድማማቾቹ አንድ ሌሊት ሲመካከሩ አድረው ተከፋፈሉ፤ ታላቁ ሃይማኖቱን ይዞ ከገደሉ ሥር ወረደ፣ ታናሹ ተጠምቆ መሬቱን ይዞ ቀረ። የአባታቸውን መቃብር የላዩ ሊጠብቅ፣ የታቹ በዓመት አንዴ መጥቶ ሊያይ ተስማሙ።

«ታናሹ አያቴ ነው» አለች አክስቴ። «ላንተ የአያትህ አባት። ሲሞት ሕፃን ሆኜ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። የያኔው ቄስ እየደገሙለት እሱ በከንፈሩ የእስላሙን ምስክርነት ይል ጀመር። ቄሱ ሰሙ። ጮክ ብለው ሳሉና ሌላው ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መድገማቸውን ቀጠሉ። ደግ ሰው ነበሩ።»

መቃብሩን አውቀዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከጽዱ ሥር በራስጌና በግርጌ ድንጋይ የቆመባቸው፣ አቅጣጫቸው ከሌሎቹ የተለየ ጥቂት መቃብሮች አሉ። ልጅ ሆነን ስንጠይቅ የለምጻሞች ናቸው ይሉን ነበር። እኔም ይህን አምኜ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ያንን አዋጅ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተምራለሁ፤ ምክንያቱን፣ ሂደቱን፣ ውጤቱን በተራ በተራ። በራሴ ቤት ያለፈ ነገር መሆኑ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። አክስቴ ደጃፍ ተቀምጬ ከሁሉ በፊት የተሰማኝ እፍረት ነው፤ ቁጣው በኋላ ነው የመጣው።

አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ጨው ነጋዴውን፣ ሁለቱን ልጆች፣ የወንዙን ስም፣ በምላሳችን ላይ ያሉትን ቃላት ሁሉ አስገባሁ። የታናሹን አሟሟት ብቻ ተውኩት፤ እሱ የአክስቴ ነው። ሁለት መንደር ከአንድ አባት መውጣቱ ከጎንደር ጭፍራ የበለጠ ክብር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲሰሙ እንደሚጮሁብኝ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ጩኸቱን ናፍቄው ነበር፤ አላዋቂዎችን ፊት ለፊት አላዋቂ የማለት ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በቄሱ ቤት ተሰብስበን አነበብኩላቸው። አንድም ሰው አላቋረጠኝም። ስጨርስ የአዲስ አበባው ነጋዴ ስልኩን ያገላብጥ ጀመር፤ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። መልስ ሳልሰጥ ቄሱ ቀደሙኝ።

«መምህር፣ ይሄን እኮ ሁላችንም እናውቃለን» አሉኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ምን እንዳሉ መጀመሪያ አልገባኝም። ሰብሳቢውን አየሁት፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሏል። ነጋዴው ትከሻውን ሰበቀ።

«ካወቃችሁ ለምን ጻፍ አላችሁኝ?» አልኩ።

«የተማርክ ስለሆንክ» አሉ ቄሱ፣ «የማይጻፈውን ለይተህ ታውቃለህ ብለን ነው።»

እስከዚያች ቀን የናቅኳቸው አላዋቂ መስለውኝ ነበር። ጋሻ ብሎ የቀንበር ቆዳ ያወጣልኝ ሽማግሌ ያውቅ ነበር። የጎንደሩም ያውቅ ነበር፣ የላስታውም ያውቅ ነበር። አራት ቅዳሜ ሙሉ ፊቴ ላይ ሲዋሹ እኔ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ስስቅባቸው ነበር፤ የሚሳቅበት ግን ሌላ ሰው ነበር። አላዋቂን መናቅ ቀላል ነው፤ አውቆ የሚክድን ግን ከዚያ በላይ ምን ይሉታል? ወረቀቶቼን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለእራት ቆይ ቢሉኝ አልቆይም ብዬ ወጣሁ። የቄሱ ሚስት ቂጣ በወረቀት ጠቅልላ እስከ አጥር ተከተለችኝ። ተቀበልኳት፤ መንገድ ላይም በላሁት።

ነጋዴው ከደሴ ሌላ ጸሐፊ አመጣ። የየደብሩን መጽሔት እየዞረ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። በእሱ መጽሔት መንደሩን ያቀናው ታቦት ይዞ ከጎንደር የመጣ የጦር አለቃ ሆነ። አለቃው ወንዙ ዳር ሰፍሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ የተናገረውም ግዕዝ ሲሆን፣ የመንደሩ ስም ከዚያ ወጣ። ሥዕልም ነበረው፤ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ጢሙ የተበጠረ ሰው። መጽሔቱ ውስጥ በምስጋናው ዝርዝር ስሜ አለ። መረጃ በማሰባሰብ ላደረጉት ከፍተኛ እገዛ ይላል።

ከምረቃው በፊት የሚሠራ አዳራሽ ነበር። የእንግዳ ማስተናገጃ አዳራሹ ንድፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ልክ መቃብሮቹ ላይ ያርፋል። የመሠረት ቁፋሮው ቀን እኔም ሄድኩ፤ የምሠራው ኖሮኝ ሳይሆን ለማየት ነው። ወንዱ ሁሉ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ሦስቱን ጎን እየተቀባበሉ በአንድ ጠዋት ቆፈሩት። አራተኛው ጎን ላይ፣ ከጽዱ ሥር ሲደርሱ ሥራው ቆመ።

ቁም ያለ ሰው የለም። አንዱ ውኃ ጠማኝ ብሎ ሄደ። አንዱ የዶማው እጀታ ላልቷል ብሎ ሊያጠብቅ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ወገቡን እንደሚያመው አስታወሰ። ቄሱ ዲያቆኑን ጠርተው ሊያነጋግሩት ራቅ አሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ጠቅላላው ወንድ ጀርባውን ለመቃብሩ ሰጥቶ በጥላ ተቀምጦ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። ነጋዴው ከአዲስ አበባ ደውሎ የቀን ሠራተኛ ከወግዲ እንዲመጣ አዘዘ። በማግስቱ አራት ሠራተኞች መጡ። ዶማ ሳያነሱ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ጠጋ እያሉ እዚያ ቦታ መቆፈር ደግ እንዳልሆነ፣ የነካው ሰው ቤት እንደማይቀና በጆሯቸው ነገሯቸው። ሠራተኞቹ የመሳፈሪያቸውን ተቀብለው ተመለሱ።

አዳራሹ በመጨረሻ አንድ ጥጉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሠራ። ዛሬም እንደዚያው ነው። ከውጭ ሲያዩት ግንበኛው ሰክሮ የሠራው ይመስላል።

ለአክስቴ ስነግራት በፈሪዎች እየተሳለቅኩ ነበር። በጽሑፍ የካዱትን ሰው በዶማ ሊነኩት እንዳልደፈሩ፣ ይህም ከአክብሮት ሳይሆን ከፍርሃት እንደሆነ፣ ቢያከብሩት ኖሮ ስሙን እንደሚጽፉት አስረዳኋት። በክፍል ውስጥ እንደማስተምረው ነበር ያወራሁላት።

«ልጄ፣ ፈሩም አከበሩም አጥንቱ አልተነካም» አለችኝ። «አንተ የወረቀቱን ነገር ታስባለህ። እኔ የሱን ነው የማስበው።»

 ግን አላሳመነችኝም።

የምረቃው ቀን የታቾቹም መጡ። ሁልጊዜም ይመጣሉ፤ የላዩ ሰው ታቦት ሲያነግሥ የታቹ ሰው ወይፈን ይዞ ይወጣል፣ ለእነሱም የራሳቸው ሰው የሚያርደው ለብቻ ይዘጋጃል። የላዩ ሰው ደግሞ ለመውሊድ ይወርዳል። ይህንን ለምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ ልማድ ነው ይላል። ሽማግሌያቸው፣ ሽበታቸውን ሂና የቀቡ ሰው፣ ከእኔ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ጳጳሱ ባሉበት መጽሔቱ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ያነበበው ሰብሳቢው ነው፤ ወገቡ ድኖ ነበር። የጦር አለቃው ከጎንደር ተነሣ፣ ወንዙ ዳር ሰፈረ፣ ግዕዙን ተናገረ። ከአዲስ አበባ የመጡት አጨበጨቡ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ልክ ያዩትን ነገር እንደሚያረጋግጡ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አስቀይሞኝ አያውቅም።

የታቾቹ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አሉኝ።

«አባታችን ነው አሉ» አልኳቸው።

 የተቆጡ አይመስሉም።

«አብሽር» አሉኝ። «የኛው አባት አለ። የፈለጋችሁት ቀን ወርዳችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ እንነግራችኋለን።»

ከዚያ ምሳ ተበላ። በዚያ የተጣመመ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው በሚታጠፍበት ጥግ የተቀመጡት እንግዶች ተጨናንቀው ነበር፤ አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ለምን እንዲህ ሠሩት ብላ ጠየቀች። የመሬቱ አቀማመጥ ነው አላት አንዱ ሽማግሌ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ሽማግሌው የቀንበሩ ቆዳ ባለቤት ነበር።

ይህ ከሆነ ጥቂት ጊዜ አልፏል። ዘንድሮ ተማሪዎቼን የየመንደራቸውን ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው፤ በየዓመቱ የምሰጠው ሥራ ነው። ከመንደሬ የመጣች አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ጎበዝ ናት፣ ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ። ተራዋ ደርሶ ቆማ አነበበች። የጦር አለቃው እንደገና ከጎንደር ተነሣ። ታቦቱ መጣ፣ ግዕዙም መጣ። አቋርጬያት ይህን ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ከመጽሔቱ ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። «እርስዎም ያሉበት።»

ስልሳ ተማሪ ያየኛል። አሥራ አንዱ ገጽ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ማንበብ እችል ነበር። የልጅቷ አባት የሚለኝን፣ ሰብሳቢው ለርእሰ መምህሩ የሚደውለውን፣ አክስቴ ስትሞት ማን እንደሚቀብራት አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቾኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ ነው፤ እንዲህ ያለው ሒሳብ ለእኛ መንደር ሰው ቶሎ ይመጣል።

ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ አልኳት። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኋት። አንዱን የቀነስኩት ለፊደል ግድፈት ነው።